የአውሮፓ የማይመለስ ድጋፍ ለስታርታፕና ለአነስተኛ ንግድ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

"የአውሮፓ ኅብረት ለጀማሪ ድርጅቶች እስከ 2.5 ሚሊዮን ዩሮ በነጻ ይሰጣል" የሚል ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ በየጊዜው ይዞራል። ቁጥሩ እውነት ነው። ያልተነገረው ግን ብዙ ነው። ገንዘቡ ለምን ዓይነት ሥራ ነው የሚሰጠው? መቼ እጅ ይገባል? ከራስ ኪስስ ስንት ያስወጣል? ይህን ሳያጣሩ ወራት የሚፈጅ ማመልከቻ ውስጥ የሚገቡ ጎበዝ ልጆች አሉ። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ጊዜ የሚስማማቸው ድጋፍ እዚያው በሚኖሩበት ከተማ፣ በአንድ አውቶቡስ በሚደረስበት ቢሮ መኖሩ ነው።

እኔ ድጋፍ በገንዘቡ ትልቅነት መመረጥ የለበትም ባይ ነኝ። መጀመሪያ የሥራውን ዓይነት እዩ። ከዚያ ሥራው የደረሰበትን ደረጃ። ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ የሚከፈልበትን መንገድ። መጠኑን በመጨረሻ ተመልከቱት።

ሥራችሁ አዲስ ፈጠራ ነው ወይስ የታወቀ ንግድ?

ከብራስልስ፣ ማለትም ከኅብረቱ መቀመጫ፣ በቀጥታ የሚመጣው ገንዘብ በአብዛኛው ለምርምርና ለፈጠራ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ስቶክሆልም ውስጥ የሀበሻ ምግብ ቤት መክፈት ጥሩ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ሰው ይቀጥራል። ለብራስልስ ገምጋሚ ግን አዲስ ነገር አይደለም። የጽዳት ድርጅት፣ የታክሲ ሥራ፣ የፀጉር ቤት፣ የቡና መሸጫ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ለእነዚህ የሚሆነው የየአገሩ የሥራ ማስጀመሪያ ድጎማና አነስተኛ ብድር ነው። ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ገምጋሚዎቹ "አዲስ" የሚሉት ምን እንደሆነ ለማየት የጤፍን ጉዳይ ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አውጥቶ ነበር። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ የሆላንዱን ፓተንት ውድቅ አደረገው። የድጋፍ ገምጋሚዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ነው የሚጠይቁት፦ በዘርፉ ያለ ባለሙያ ከዚህ በፊት ሊያደርገው ያልቻለው ምንድን ነው? እንጀራ ጋግሮ ማከፋፈል ይህን ጥያቄ አይመልስም። ሊጡ ሳይበላሽ፣ ዓይኑም ሳይጠፋ በሰዓት ብዙ እንጀራ የሚያወጣ፣ ኤሌክትሪክም የሚቆጥብ ማሽን የሠራ ሰው ግን ሊመልሰው ይችላል።

በኅብረቱ ትርጉም አነስተኛና መካከለኛ ድርጅት የሚባለው ከ250 ሠራተኛ በታች ያለው፣ የዓመት ሽያጩም ከ50 ሚሊዮን ዩሮ የማይበልጥ ወይም ጠቅላላ ሀብቱ ከ43 ሚሊዮን የማይበልጥ ነው። ከ10 ሰው በታች ያለውና ሽያጩ ወይም ሀብቱ ከ2 ሚሊዮን ዩሮ ያልበለጠው ማይክሮ ይባላል። ይህን መስፈርት የማታሟሉ ጥቂቶች ናችሁ፣ ስለዚህ አትጨነቁበት።

ይልቅ የሚያስጨንቀው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ተቀጥሮ መሥራት የሚፈቅድ ወረቀት ሁሉ የራስን ሥራ መክፈት አይፈቅድም። በተማሪ ፈቃድ ያለ ሰው በተለይ መጠንቀቅ አለበት። ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ካርዳችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ግልጽ ካልሆነ የውጭ ዜጎች ቢሮን በጽሑፍ ጠይቁ።

ትልቁ፦ ኢአይሲ አክሰለሬተር

2.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚባለው ይህ ነው። የሚያስተዳድረው የአውሮፓ የፈጠራ ምክር ቤት ነው፤ በአጭሩ ኢአይሲ ይሉታል። ከ2021 እስከ 2027 በሚሠራው ሆራይዘን ዩሮፕ በተባለው የምርምር ፕሮግራም ሥር ነው ያለው።

ሲሠራ እንዲህ ነው። ድጋፉ ከፕሮጀክቱ ወጪ 70 በመቶውን ይሸፍናል። ፕሮጀክታችሁ 1 ሚሊዮን ዩሮ ከጠየቀ 700,000 ይሰጣችኋል፤ 300,000 ከየትም ብላችሁ ታመጣላችሁ። ከድጋፉ ሌላ የአክሲዮን ኢንቨስትመንት የሚባል ክፍል አለ፤ በ2025 ፕሮግራም ከ500,000 እስከ 10 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። ይህኛው ነጻ ገንዘብ አይደለም። የኢአይሲ ፈንድ የድርጅታችሁ ባለድርሻ ይሆናል። ሁለቱን አንድ ላይ ወይም ድጋፉን ብቻ መጠየቅ ይቻላል። ድጋፉን ብቻ የሚጠይቅ ድርጅት ግን ቀሪውን መንገድ በራሱ አቅም እንደሚወጣው ማሳመን አለበት።

በሐሳብ ደረጃ ያለ ሥራ እዚህ አይገባም። ናሙናው ተሠርቶ፣ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ፣ እውነተኛ ሁኔታ ውስጥ መፈተን መጀመር አለበት። ማመልከቻው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ አጭር ጽሑፍ ከሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ጋር። ያለፈ ሙሉውን ፕሮፖዛል ይጽፋል። እሱንም ያለፈ ዳኞች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። በጥቅምት 2024 ዙር 1,211 ድርጅቶች ሙሉ ፕሮፖዛል አስገብተው 71 ተመረጡ። እነዚህ 1,211 ድርጅቶች የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያለፉ መሆናቸውን አስቡ።

ታዲያ ለማን ነው? የቴክኖሎጂ ባለሙያ ቡድን ላለው፣ ፓተንት ወይም ሌላ የሚጠበቅ እውቀት ለያዘ፣ ገንዘቡ እስኪመጣ አንድ ዓመት ሊያቆየው የሚችል ሌላ ምንጭ ላለው። ብቻውን ሆኖ ማታ ማታ ኮድ ለሚጽፍ ሰው፣ ጎበዝም ቢሆን፣ እዚህ መጀመር አልመክርም። ከታች ያሉትን አልፎ ቢመጣ ፕሮፖዛሉ ራሱ ይጠነክራል።

ከኅብረቱ አባል አገሮች ውጭ ስላሉት ትንሽ ልበል። እንግሊዝ ከ2024 ጀምሮ በሆራይዘን ዩሮፕ ተባባሪ አገር ናት። የለንደን ድርጅት ድጋፉን ማግኘት ይችላል፤ የአክሲዮን ኢንቨስትመንቱን ግን አያገኝም። እስራኤልም ተባባሪ ናት፣ ድርጅቶቿም ከዚህ ፕሮግራም ሲጠቀሙ ቆይተዋል። ሆኖም በሐምሌ 2025 የአውሮፓ ኮሚሽን እስራኤል በዚህ በኢአይሲ ክፍል ያላት ተሳትፎ በከፊል እንዲታገድ ሐሳብ አቅርቧል። ቴል አቪቭ ወይም ነታንያ ሆናችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመድከማችሁ በፊት ውሳኔው የት እንደደረሰ እዩ።

አንድ ማጽናኛ አለ። ተፈትኖ መስፈርቱን አሟልቶ ገንዘብ ያላገኘ ፕሮፖዛል "የልቀት ማኅተም" የሚባል ምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይችላል። አንዳንድ አገሮችና ክልሎች ይህን ወረቀት ለያዘ ድርጅት የራሳቸውን ድጋፍ ይሰጣሉ።

አጋር ላለው፦ ዩሮስታርስ

ዩሮስታርስ ከተለያዩ አገሮች ተጣምረው የሚመጡ ትናንሽ ድርጅቶችን የፈጠራ ሥራ የሚደግፍ ፕሮግራም ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ምርት ለሚሠራ ትንሽ ድርጅት ከኢአይሲ ይልቅ ይህን ነው ቀድሜ የምጠቁመው።

ዋናው ሁኔታ ብቻችሁን መቅረብ አለመቻላችሁ ነው። ቢያንስ ከሁለት የተለያዩ የዩሮስታርስ አገሮች፣ አንዱ የሌላው ንብረት ያልሆኑ ሁለት ተቋማት ያስፈልጋሉ። መሪው ፈጠራ ላይ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት መሆን አለበት። አጋሩ ሌላ ድርጅት ወይም ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ችግር የለም። ከበጀቱ ቢያንስ ግማሹ የትናንሾቹ ድርጅቶች መሆን አለበት። አንድ ተቋም ወይም አንድ አገር ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። ፕሮጀክቱ ከ36 ወር አይበልጥም፤ ካለቀ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርቱ ገበያ መግባት አለበት።

ያንን የእንጀራ ማሽን መልሰን እናንሳው። የሆላንድ ማሽን ሠሪ ድርጅትና የስዊድን የምግብ ምርምር ተቋም አንድ ላይ ቢቀርቡ ጥሩ ጥምረት ነው። አንዱ ብረቱን ያውቃል፣ ሌላው ሊጡን። ደቡብ አፍሪካም የዩሮስታርስ አባል ስለሆነች አጋር ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ገንዘቡን የሚከፍለው የእያንዳንዱ አገር ተቋም ነው። የስዊድኑን ቪኖቫ፣ የሆላንዱን ኤርፌኦ ይከፍላሉ። ስለዚህ መጠኑና መቶኛው ከአገር አገር ይለያያል። ለትንሽ ድርጅት ግማሹን ወጪ መሸፈን የተለመደ ነው። አንዳንዱ አገር አስቀድሞ ይሰጣል፤ አንዳንዱ አውጡና ደረሰኝ አምጡ ይላል። ይህ ልዩነት ትንሽ ድርጅትን ሊጥል ይችላል። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት የአገራችሁን ተወካይ ደውላችሁ "የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አጋራችሁም በአገሩ ይጠይቅ። ፕሮጀክቱ ጥሩ ነጥብ አግኝቶ የአንዱ አገር በጀት ስላለቀ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

የማለፍ ዕድሉ ከኢአይሲ በግልጽ የተሻለ ነው። ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይወጣል። ከባዱ ሥራ አጋር ማግኘትና ስምምነቱን በጽሑፍ ማሰር ነው፤ ማን ምን ይሠራል፣ ውጤቱ የማን ይሆናል የሚለውን። ጓደኝነት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የገባ ጥምረት መሀል መንገድ ላይ ሲፈርስ ገንዘቡም አብሮ ይቆማል።

ትናንሾቹ ግን ፈጣኖቹ

ሆራይዘን ዩሮፕ ለትልልቅ ጥምረቶች ከሰጠው ገንዘብ ላይ፣ እነዚያ ጥምረቶች ቆርሰው ለትናንሽ ድርጅቶች የሚያድሉት ክፍል አለ። "ካስኬድ ፈንዲንግ" ይሉታል። ብዙ ጊዜ ለአንድ ድርጅት እስከ 60,000 ዩሮ ነው። ማመልከቻው አጭር ነው፤ ውጤቱም ቶሎ ይታወቃል፤ ድርሻ አይጠይቅም። በእርሻ ቴክኖሎጂ፣ በጤና መረጃ፣ በሮቦት፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ዙሪያ ጥሪዎች ይወጣሉ። አስቸጋሪው ነገር በአንድ ቦታ ተሰብስበው አለመገኘታቸው ነው። የኅብረቱን የጥሪ ድረ ገጽ በየሳምንቱ የማየት ልማድ ያስፈልጋል።

ለሶፍትዌር ሠሪዎች ለብቻው የምጠቅሰው ኤንኤልኔት የተባለውን የሆላንድ ፋውንዴሽን ነው። በኅብረቱ ገንዘብ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሥራ ከ5,000 እስከ 50,000 ዩሮ ይሰጣል። ድርጅት መሆን አይጠበቅባችሁም፤ ግለሰብም ያመለክታል። ለአውሮፓ ነዋሪዎች ቅድሚያ ቢሰጥም በሩ ለሌላውም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ሥራው ግን ለአውሮፓ የሚሰጠው ጥቅም መታየት አለበት። ክፍያው ሥራው ክፍል በክፍል ሲያልቅ ነው። የግዕዝ ፊደል ቅርጸ ቁምፊ፣ የቁልፍ ሰሌዳ፣ የጽሑፍ ማንበቢያ መሣሪያ የመሳሰሉ ለሁሉም የሚጠቅሙ ነገሮች ላይ የሚደክሙ ልጆች ይህን በር ቢያንኳኩ ደስ ይለኛል። ኮዱን ዘግታችሁ ልትሸጡት ካሰባችሁ ግን ለእናንተ አይደለም።

ሴት መሥራቾች ደግሞ ዊመን ቴክ ኢዩ የተባለውን ይከታተሉ። ከባድ ቴክኖሎጂ ላይ የሚሠራ፣ ሴት መሥራች በከፍተኛ አመራር ላይ ያለችበት ጀማሪ ድርጅት 75,000 ዩሮና የምክር አገልግሎት የሚያገኝበት ነው። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ጥሪ ሲወጣ ነው።

የታወቀ ንግድ ለሚከፍት፦ አገራችሁ ያለው ይበልጣል

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ አብዛኛውን አንባቢ የሚመለከተው ይህ ነውና።

ጀርመን ውስጥ ሥራ አጥታችሁ አርባይትስሎዘንጌልት አንድ የተባለውን የሥራ አጥነት ክፍያ የምትቀበሉ ከሆነ፣ ግሩንዱንግስሱሹስ የሚባለውን የሥራ ማስጀመሪያ ድጎማ ጠይቁ። ለስድስት ወር የምትቀበሉትን ክፍያ እንዳለ ይሰጧችኋል፤ በየወሩም 300 ዩሮ ይጨምሩበታል። ከዚያ ለዘጠኝ ወር 300 ዩሮውን ብቻ ማራዘም ይቻላል። ወርኃዊ ክፍያችሁ 1,400 ዩሮ ቢሆን በስድስቱ ወር 10,200፣ ማራዘሚያው ከተፈቀደ ደግሞ 2,700 ታገኛላችሁ። በድምሩ 12,900 ዩሮ ነው። አይመለስም፤ ግብርም የለበትም። በየወሩ ስለሚገባ የቤት ኪራይ ጭንቀትን ያቃልላል።

ሁኔታዎቹን ልብ በሉ። የሥራ አጥነት ክፍያውን ከምታገኙበት ጊዜ ቢያንስ 150 ቀን መቅረት አለበት። ጊዜው ሊያልቅ ሲል ትዝ ካላችሁ ዘግይታችኋል። የንግድ እቅዳችሁን እንደ ንግድ ምክር ቤት፣ የግብር አማካሪ ወይም ባንክ ያለ አካል አይቶ ያዋጣል ብሎ መፈረም አለበት። ሌላው፣ ይህ ድጎማ መብት አይደለም፤ ውሳኔው የሥራ ቢሮው ነው። በሙያችሁ ቶሎ ሥራ ይገኝላችኋል ብለው ካሰቡ ሊከለክሉ ይችላሉ። ነርስ ወይም የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ሰው ይህን መልስ ሊሰማ ስለሚችል፣ የራሱን ሥራ ለምን እንደመረጠ የሚያስረዳበትን ምክንያት አስቦ ይሂድ።

ከጆብሴንተር መሠረታዊ ድጎማ ለሚያገኝ ሰው ያለው አይንሽቲግስጌልት ነው። ከመደበኛው ድጎማ በላይ እስከ 24 ወር ሊሰጥ ይችላል። ለመሣሪያ ደግሞ እስከ 5,000 ዩሮ የማይመለስ ድጋፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ለምሳሌ የስፌት መኪና፣ የምግብ ቤት ማቀዝቀዣ። የሥራ ቢሮውም ጆብሴንተሩም ነጻ አሠልጣኝ የሚያስቀጥር ቫውቸር አላቸው። ቋንቋው ለሚከብደው፣ የንግድ እቅድ ጽፎ ለማያውቅ ሰው ይህ ቫውቸር ትልቅ ነገር ነው። ካልጠየቃችሁ የሚነግራችሁ ላይኖር ስለሚችል ራሳችሁ አንሱት።

ጀርመን ለሚማሩና ለተመረቁ ደግሞ ኤክሲስት አለ። ሐሳቡ በቴክኖሎጂ ወይም በእውቀት ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። ለአንድ ዓመት ተማሪ በወር 1,000፣ ምሩቅ 2,500፣ ዶክተር 3,000 ዩሮ ያገኛል። ልጅ ላለው በልጅ 150 ይጨመራል። ለዕቃና ለሙከራ ለአንድ ሰው እስከ 10,000፣ ለቡድን እስከ 30,000፣ ለአሠልጣኝ 5,000 አለው። የሚያመለክተው ዩኒቨርሲቲው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለዩኒቨርሲቲያችሁ የጀማሪዎች ቢሮ ነው። ለወጣት ቡድን በአውሮፓ ካየኋቸው ድጋፎች የምወደው ይህን ነው፤ ጊዜ ይሰጣል፣ ድርሻ አይወስድም።

ጣሊያን ውስጥ ኢንቪታሊያ የተባለው የመንግሥት ተቋም ስማርት ኤንድ ስታርት የሚባል ፕሮግራም አለው። ከ100,000 እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ የሚፈጅ የፈጠራ ሥራ ላይ፣ ወጪውን 80 በመቶ ያለ ወለድ ያበድራል። መሥራቾቹ ሁሉም ሴቶች ወይም ወጣቶች ከሆኑ 90 በመቶ ይደርሳል። ዋናው ጥቅሙ ደቡብ ላይ ነው። ናፖሊ፣ ባሪ ወይም ፓሌርሞ የተመዘገበ ድርጅት ከብድሩ 30 በመቶውን አይመልስም። የ200,000 ዩሮ ሥራ ይዛችሁ 160,000 ብትበደሩ የምትመልሱት 112,000 ነው። ሮምና ሚላን ይህ የለም። ለታወቀ ንግድ ደግሞ ለሴቶችና ከ18 እስከ 35 ዓመት ለሆኑ ወጣቶች ከወለድ ነጻ ብድርና ድጋፍ የተቀላቀለበት ሌላ መስመር አለ።

ስዊድን ውስጥ "አልሚ" የተባለውን ተቋም አነጋግሩ። በዋናነት ብድርና ነጻ ምክር ነው የሚሰጠው። ሥራ ፈላጊ ሆኖ የተመዘገበ ሰው የራሱን ሥራ ሲጀምር መተዳደሪያ የሚያገኝበትን መንገድ ደግሞ የሥራ ቢሮው ያስረዳችኋል።

ድጋፍ ያላገኘ ሰው ብድርን መናቅ የለበትም። የጀርመን የማይክሮ ብድር ፈንድ እስከ 25,000 ዩሮ ይደርሳል። ሆላንድ ክሬዲትስ የተባለ አበዳሪ አለ። እንግሊዝ ስታርት አፕ ሎንስ ከ500 እስከ 25,000 ፓውንድ ያበድራል፤ ብድሩ ግን በግል ስማችሁ ነው። ዕቃ ገዝቶ በሦስተኛው ወር መሸጥ ለሚጀምር ሱቅ፣ ለድጋፍ አንድ ዓመት ከመጠበቅ ትንሽ ብድር ይሻላል።

ማንም ሊወስደው የሚችል ትንሽ ገንዘብ

ቡና ትቆላላችሁ? በርበሬና ሽሮ አሽጋችሁ ትሸጣላችሁ? የንግድ ስማችሁን አስመዝግቡ። በመላው ኅብረት የሚጸና የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ የኢንተርኔት ክፍያው ለመጀመሪያው የዕቃ ምድብ 850 ዩሮ ነው። የኅብረቱ የአእምሮ ንብረት ቢሮ ኤስኤምኢ ፈንድ በሚባለው በኩል ከዚህ ክፍያ 75 በመቶ ሲመልስ ቆይቷል። ድርጅታችሁ በአባል አገር መመዝገቡ ይበቃል፤ ፈጠራ አይጠየቅም። በየዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ይከፈታል፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያገኛል፣ በጀቱ ሲያልቅ ይዘጋል። የፈንዱን የድጋፍ ማረጋገጫ (ቫውቸር) ሳትይዙ ምልክቱን ካስመዘገባችሁ ግን ገንዘቡ አይመለስም።

ይህ ቅደም ተከተል ሌላም ቦታ ያጋጥማችኋል። ግሩንዱንግስሱሹስ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው የሚጠየቀው። ኤክሲስትም ድርጅቱ ከመመሥረቱ በፊት። ብዙ የክልል ድጋፎች ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት የተገዛን ዕቃ አይሸፍኑም። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የቸኮለ ሰው የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ምዝገባና ግዢ።

ሁለት ድጋፍ አንድ ላይ ይቻላል?

ይቻላል፣ ለአንድ ወጪ ሁለቴ እስካልተከፈላችሁ ድረስ። አንዱን ላፕቶፕ በሁለት ድጋፍ ማስመዝገብ ኦዲት ሲመጣ ገንዘቡን ያስመልሳል። ሌላው ገደብ "ዲ ሚኒሚስ" የሚባለው፣ መንግሥታት ለድርጅት ስለሚሰጡት አነስተኛ ድጋፍ የወጣው የኅብረቱ ደንብ ነው። ከ2024 ጀምሮ አንድ ድርጅት በዚህ ደንብ ከአንድ አገር የሚያገኘው ድጋፍ በሦስት ዓመት ከ300,000 ዩሮ መብለጥ የለበትም። በፊት 200,000 ነበር። የከተማና የክልል ድጋፎች ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ፤ የተሰጣችሁን ደብዳቤ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ከብራስልስ በቀጥታ የሚመጣው በአብዛኛው አይቆጠርም።

አማካሪ ልቅጠር?

ለኢአይሲ ብዙዎች ይቀጥራሉ። ጥሩ ጸሐፊ ይረዳል፤ ዳኞች ፊት የሚቆመው ግን መሥራቹ ስለሆነ ሥራውን ከራሱ በላይ የሚያውቅለት የለም። ከመክፈላችሁ በፊት ነጻ የሆኑትን ተጠቀሙ። እያንዳንዱ አገር ለሆራይዘን ዩሮፕ የመደበው ተወካይ አለው። ኢንተርፕራይዝ ዩሮፕ ኔትወርክ የሚባለው መረብም በብዙ ከተማ ቢሮ አለው፤ ለዩሮስታርስ አጋር ይፈልግላችኋል። አንድ ኢሜይል ጽፎ "ይህ ሐሳብ የትኛው ጥሪ ላይ ይገባል?" ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም "ድጋፉ ተፈቅዶልሃል፣ የማስኬጃ ክፍያ ላክ" የሚል መልእክት ከመጣላችሁ አጭበርባሪ ነው። ኅብረቱ ያላመለከተ ሰው አይሸልምም። የማመልከቻ ድረ ገጹም ገንዘብ አይጠይቅም። ይህን ለእናቶቻችንና ለአዲስ መጦች ደጋግመን እንንገራቸው፤ ከባድ ገንዘብ የተበሉ አሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለው ድርጅት

አዲስ አበባ የተመዘገበ ድርጅት በኢአይሲም በዩሮስታርስም ድጋፍ አያገኝም። በሆራይዘን ዩሮፕ የጋራ ምርምር ጥሪዎች ግን ኢትዮጵያ ገንዘብ ሊሰጣቸው ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። ጥምረቱ በአብዛኛው ከሦስት የተለያዩ የአባል ወይም ተባባሪ አገሮች ሦስት ተቋማት ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያው በእነሱ ላይ ይጨመራል። እርሻ፣ ጤናና ታዳሽ ኃይል ላይ አፍሪካዊ አጋር የሚፈልጉ ጥሪዎች ይወጣሉ። ጥሩ ሥራ የሚሠራ የግል ድርጅት በዩኒቨርሲቲ በኩል ከአውሮፓ ተመራማሪዎች ጋር መተዋወቅ አለበት፤ ጥሪው ወጥቶ አጋር መፈለግ ከተጀመረ ጊዜው ያጥራል።

አውሮፓ ላለ ዘመድ ደግሞ ዊዱ የሚባለውን የጀርመን ፕሮግራም እጠቁማለሁ። ገንዘቡ የጀርመን የልማት ሚኒስቴር ሲሆን የሚያስፈጽመው ጂአይዜድ የተባለው የጀርመን የልማት ድርጅት ነው። እናንተ አገር ቤት ያለ የቤተሰብ ወይም የወዳጅ ንግድ ላይ ታዋጣላችሁ፤ ባለንግዱም የራሱን ያወጣል፤ ፕሮግራሙ በዚያ ላይ የማይመለስ ገንዘብ ይጨምራል፣ አሠልጣኝም ይመድባል። መጠኑ ጥቂት ሺህ ዩሮ ነው። ለልብስ ስፌት፣ ለዶሮ እርባታ፣ ለእንጨት ሥራ ግን ማሽን ይገዛል። ኢትዮጵያ ከተካተቱት አገሮች አንዷ ሆና ቆይታለች፤ አሁን ማመልከቻ እየተቀበሉ መሆኑን ድረ ገጹ ላይ አይታችሁ ጀምሩ። ገንዘቡ ለቤት ወጪ ሳይሆን ለተጻፈው ዕቃ መዋሉን በደረሰኝ ማሳየት ግዴታ ነው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ከዚያኛው ወገን ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ምን እንደሚገዛ፣ ከየት እንደሚገዛና ደረሰኙን ማን እንደሚይዝ በግልጽ ተነጋገሩ።